ማንም ያላየው እብጠት

ሰኞ፣ ኅዳር 13 ቀን 1975 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከቆቦ ወደ ደሴ ይጓዝ ከነበረ አውቶቡስ ታላቅ እህቴ እንድትወርድ ተደረገ። ያወረዳት በመንገዱ ላይ ባለ ኬላ ይፈትሽ የነበረ ወታደር ነው። በእጇ የገበሬ ማኅበሯ ማኅተም ያረፈበት የይለፍ ወረቀት ነበር። ወረቀቱ ላይ «የጉዞው ምክንያት» ከሚለው ቀጥሎ «ለንፍፊት ሕክምና» ተብሎ ተጽፏል። ወታደሩ አነበበውና ሳቀ። ለንፍፊት ደሴ ድረስ የሚሄድ ሰው አይቼ አላውቅም፣ ቅቤ ቀቢበትና ቤትሽ ተቀመጪ አላት። አውቶቡሱ ሄደ። እሷ አስፋልቱ ዳር ቀረች።

እኔ እዚያ አልነበርኩም። ይህን የምጽፈው ከሁለት ሰው ሰምቼ ነው፤ ከራሷ፣ እና ከኋላዋ ተቀምጦ ከነበረ አንድ የጨው ነጋዴ። የሁለቱ ቃል በአንድ ነገር ብቻ ይለያያል። ነጋዴው ወታደሩ ሁለት ጊዜ ሳቀ ይላል። እህቴ አንድ ጊዜ ነው ትላለች።

በዚያ ሰዓት እብጠቱ ብብቷ ውስጥ ከወጣ ስድስት ወር አልፎት ነበር።

ንፍፊት በራያ ቆላ ለማንም እንግዳ አይደለም። እግር ሲቆስል ብሽሽት ላይ፣ እጅ ሲቆስል ብብት ውስጥ ያብጣል። በማሽላ ቆረጣ ወቅት ማጭድ ያልነካው ጣት ስለማይገኝ፣ ከሮቢት እስከ ጎብዬ ባለው ሜዳ ክንዱን ከጎኑ አርቆ የሚሄድ ሰው መንገድ ላይ ይበዛል። ሰዎች ሲያዩት ያሾፉበታል፤ ዶሮ ይዘህ ነው ወይ ይሉታል። ከዚያ ቁስሉን ይፈልጉለታል። ቁስሉ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ንፍፊቱም በሳምንት በሁለት ሳምንት ይጠፋል። ልጅ እያለሁ ከሁሉ በፊት የተማርኩት ሕክምና ይህ ነው፤ ንፍፊት ካየህ ቁስሉን ፈልግ።

ይህ እውቀት ትክክል ነው። በኋላ የጠየቅኳቸው የሕክምና ሰዎች ሁሉ ትክክል ነው ብለውኛል። የምናደደው በእውቀቱ አይደለም። ቁስሉ ሲጠፋ በተደረገው ነው።

እህቴ እብጠቱን ያገኘችው በግንቦት 1974 ሰውነቷን ስትታጠብ ነው። ሽንብራ ያህል ነበር። አያምም፣ አይሞቅም፣ ቆዳው አልቀላም። ወቅቱ የቆረጣ አይደለም፤ እጇ ላይ ጭረት እንኳ አልነበረባትም። እንደተማረችው ቁስል ፈለገች። አጣች። ሰኔ ሲገባ ሽንብራው ባቄላ አከለ። ባሏ በሚሊሺያነት ተመልምሎ ወደ ሰሜን ከሄደ ሁለተኛ ዓመቱ ነበር፤ ቤት ውስጥ እሷና ሁለት ሴቶች ልጆቿ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ለባሏ አጎት ነገረች። እኚህ ሰው የአካባቢው ወጌሻ ናቸው። የተሰበረ አጥንት የሚጠግኑ፣ የወለቀ የሚመልሱ፣ ገንዘብ የማይጠይቁ ሰው ናቸው። እኔም በልጅነቴ ከግመል ወድቄ አንጓዬ ሲወልቅ የመለሱልኝ እሳቸው ናቸው። ዛሬም ሁለቱ እጆቼ እኩል ይሠራሉ። ይህን የምናገረው ሰውየውን ክፉ ማድረግ ቢቀለኝም እውነቱ ስለማይፈቅድልኝ ነው።

ወጌሻው እብጠቱን በቀሚሷ ላይ ዳሰሱት። ከዚያ እጇን አገላብጠው አዩና ቀኝ አውራ ጣቷ ላይ ያለፈው ታኅሣሥ ማጭድ የቆረጣትን ጠባሳ አገኙ። ጠባሳው ከዳነ አምስት ወር አልፎታል። ይኸው አሉ። ቁስሉ ሳይጨርስ አፉን ዘግቷል፤ ውስጥ የቀረው በክንዷ ሽቅብ ሄዶ ብብቷ ውስጥ ተቀምጧል። መውጫ እንስጠው። የዳነውን ጠባሳ በምላጭ ከፈቱት። እንዳይዘጋም በየሦስት ቀኑ እየመጡ በጨውና በቅጠል ክፍት አድርገው አቆዩት።

ቁስል ቢጠፋ ቁስል ተሠራ። ይህን ዓረፍተ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ በማስታወሻ ደብተሬ ላይ ስጽፍ እርሳሱ ወረቀቱን ቀዶታል።

በኋላ ሄጄ ጠይቄያቸዋለሁ። አልተቆጡም፣ አልደነገጡም። አጥንት እንደሚያስተካክሉት ረጋ ብለው ነው የመለሱልኝ።

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «ንፍፊት ያለ ቁስል አይመጣም። ቁስሉን ካላየሁት ዓይኔ ደክሞ ነው እንጂ ሳይኖር ቀርቶ አይደለም።»

ሐምሌን እንዲህ አለፈች። ጣቷ አመረቀዘ። አረም ማረም አቃታት። ነሐሴ ላይ እጇ እስከ አንጓዋ ሲያብጥ ሁለት ሰዓት በእግር ሄዳ ቆቦ ጤና ጣቢያ ደረሰች። ያገኘችው ቁስል የሚያጥብና መርፌ የሚወጋ ወንድ ድሬሰር ነበር። አውራ ጣቷን አሳየችው። አጠበላት፣ ሐምራዊውን መድኃኒት ቀባላት፣ ሦስት ቀን ፔኒሲሊን ወጋት። ሌላ የሚያምሽ አለ ወይ ብሎ ጠይቋታል፤ ይህን እሷም ታረጋግጣለች። ንፍፊት አለኝ አለችው። ጣትሽ ሲደርቅ ይጠፋል አላት። ልየው አላለም። ቢልም አላሳየውም ነበር ትላለች። ቀሚስን እስከ ጡት ሳይገልጡ ብብት ማሳየት አይቻልም፤ እና ያገሬ ሴት ለባሏ ዘመድ ያልገለጠችውን ለማታውቀው ጎረምሳ አትገልጥም።

ካርዷን በኋላ ራሴ አይቼዋለሁ። ሦስት ጊዜ ሄዳለች። ሦስቱም ጊዜ «የአውራ ጣት ቁስል» ይላል። ብብት የሚል ቃል የለበትም።

እኔ በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ በሚታተም ጋዜጣ ላይ ዘጋቢ ሆኜ እሠራ ነበር። በጥቅምት መጨረሻ 1975 ስለ መኸር ሥራና ስለ ጤና አገልግሎት እንድጽፍ ወደ ቆቦ ተላክሁ። ሲመሽ ከሮቢት ወጣ ብሎ ወዳለው የእህቴ ቤት ሄድኩ። ቀኝ እጇ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ውኃውን በግራ ነው የምታነሳው። ቀኝ ክንዷን ደግሞ ከጎኗ አርቃ ይዛለች። ዶሮዋን አስቀምጪያት አልኳት፤ እንደ ድሯችን ለመቀለድ ነው። አልሳቀችም።

የምጠይቀውን ሥራዬ አስተምሮኛል። መቼ ጀመረ፣ የት ነው፣ ምን ያህል ነው፣ ማን አየው። ሦስቱን መለሰች። አራተኛው ላይ ቆመች።

«አጎትየው ዳሰሱት» አለች።

«በልብስ ላይ?»

«በልብስ ላይ ነዋ! ገልጠው ሊያዩት ኖሯል?»

«ድሬሰሩስ?»

«ጣቴን አየ።»

«ብብትሽን ማን አየው ነው የምልሽ፣ እታለም።»

«አሁን አንተ ጋዜጣ ላይ ልታወጣው ነው?» አለችና ፊቷን ወደ ልጆቿ አዞረች።

ማንም አላየውም። ስድስት ወር ሊሞላው ነው፤ አንድ ወጌሻና አንድ ድሬሰር አክመውታል፤ ምላጭ፣ ጨውና ፔኒሲሊን ወጥቶበታል፤ አንድም የሰው ዓይን አላረፈበትም። እሷ ራሷ እንኳ በእጇ ነው እንጂ በዓይኗ አታውቀውም፤ ቤቱ መስተዋት አልነበረውም። በሥራዬ ብዙ ውሸት አጋጥሞኛል። ይህ ግን ውሸት አልነበረም። የዋሸ ሰው ስለሌለ የምቆጣበት አጥቼ የበለጠ ተቆጣሁ።

በማግስቱ ወደ ቆቦ ይዣት ሄድኩ። ጤና ጣቢያው ውስጥ በነሐሴ ያልነበረች አንዲት ነርስ አገኘን። ከሌላ ክፍለ ሀገር መጥታ የተመደበች፣ ከወሊድ ፈቃድ በቅርቡ የተመለሰች ሴት ናት። ምን ሆነሽ ነው አለቻት። እህቴ አውራ ጣቷን ዘረጋች። እኔ ብብቷ ነው አልኩ። ነርሷ አየችኝ፣ ከዚያ በሩን ጠቆመችኝ። ወጣሁ። መስኮቱ ላይ አንሶላ ስትሰቅል በውጭ አያለሁ።

ሃያ ደቂቃ ያህል ቆዩ። ሲጠሩኝ እህቴ ልብሷን አስተካክላ ተቀምጣለች፤ ነርሷ እጇን ትታጠባለች። የመጀመሪያ ጥያቄዋ ይህን ጣት ማን ቆረጠው የሚል ነበር። ነገርኳት። እጇን መታጠቧን ቀጠለች።

ከዚያ የነገረችንን ቁጭ ብዬ ጽፌዋለሁ፤ ደብተሩ ዛሬም አለኝ። ንፍፊት የሰውነት ዘበኛ ነው አለች። ቁስል ሲኖር ያብጣል፣ ያማል፣ ሲነኩት ይንሸራተታል፣ ቁስሉ ሲድን ይመለሳል። ይህን ማንም ያውቃል፤ እናንተም ታውቃላችሁ። የማያምም፣ የጠነከረ፣ ሥር እንደያዘ የማይነቃነቅ፣ ወር ሁለት ወር አልፎት እያደገ የሚሄድ ከሆነ ግን ቁስል አትፈልጉለት። ሰው ይየው። የሴት ከሆነ ጡቷም አብሮ ይታይ። አንገቷም። ሌሊት ያልባት እንደሆነ፣ ትከሳ እንደሆነ፣ ታስል እንደሆነ ትጠየቅ። እስኪታወቅ ድረስ አይታሽ፣ አይተኮስ፣ አይበጣ።

ታስያለሽ ወይ አለቻት። አላስልም። ሌሊት ያልብሻል? ከሰኔ ጀምሮ አንሶላው እስኪርስ ያልባታል። ለምን አልተናገርሽም?

«ቆላ አይደል» አለች እህቴ፤ «ሙቀቱ ነው ብዬ።»

ከስታለች ወይ የሚለውን እኔ መመለስ ነበረብኝ። የቀሚሷ መቀነት ከወትሮው ሁለት ጊዜ አልፎ ይዞራታል። አይቼው ነበር፤ ያመለጣትን የረመዳን ጾም ቀዷ እያወጣች ነው ብዬ አለፍኩት።

ነርሷ ጡቷ ላይ ምንም አላገኘሁም፣ የእኔ እጅ ብቻ ግን አይበቃም አለች። ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አንደኛው የእጢ ቲቢ ነው፤ ዓመት በሚወሰድ መድኃኒት ይድናል። ሁለተኛው ካንሰር ነው፤ እሱ ከሆነ ቢላዋ ይፈልጋል፣ ቀንም አይሰጥም። በእጅ ዳሰሳ አይለይም። ደሴ ሄዳ ከእብጠቱ ተቆርጦ መመርመር አለበት። እህቴ ሁሉንም ሰምታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። ሁለተኛው ከሆነ ልጆቼ ትልቅ እስኪሆኑ እቆያለሁ ወይ አለች። ነርሷ አላውቅም አለች። እንደዚያ ያለ ቀጥ ያለ «አላውቅም» ከመንግሥት ሠራተኛ አፍ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። አከበርኳት።

የመላኪያ ወረቀት ጻፈችልን፤ በሐኪሞች ልማድ በፈረንጅ አፍ የተጻፈ ነው። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የቀረው የይለፍ ወረቀት ነበር። በዚያ ዘመን ገበሬ ያለ ማኅበሩ ደብዳቤ ከወረዳው አይወጣም። ከቆቦ በስተምዕራብ ያሉት ተራሮች ላይ አማፂዎች ነበሩ፤ መንገዱ ላይ ኬላ የበዛው ለዚያ ነው።

ማሽላውን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ ለመነሳት ሦስት ሳምንት ፈጀባት። ደብዳቤውን ልታወጣ ብቻዋን ሄደች። የማኅበሩ ጸሐፊ ምን ሆነሽ ነው የምትሄጂው ብሎ ጠየቃት። ክፍሉ ውስጥ ሌሎች ወንዶች ነበሩ። ንፍፊት አለችው። ጻፈው። ኅዳር 13 ስትሳፈር እኔ ቆቦ ላይ የያዝኩትን ሥራ ጨርሼ በማግስቱ ልከተላት ነበር። የነርሷን ወረቀት ሁለት ጊዜ ያነበብኩ ሰው የይለፍ ወረቀቱን አንድ ጊዜ እንኳ አላነበብኩም። ወታደሩ ግን ያነበበው እሱን ብቻ ነው። የፈረንጁን አልከፈተውም።

ከሰዓት በኋላ በእህል ጭነት መኪና ተመልሳ ወደ ነበርኩበት ቤት ስትመጣ አንድ ኃላፊ እያነጋገርኩ ነበር። ሰውየው የወረዳው ሴቶች ከጎጂ ባህላዊ ሕክምና ተላቀው የዘመናዊ ጤና አገልግሎት ተጠቃሚ ሆነዋል ይለኛል፤ እኔ እጽፋለሁ። እህቴ በሩ ላይ ቆመች። ጣቷ የተጠቀለለበት ጨርቅ በአቧራ ጠቁሯል። ኃላፊው ማን ናት አለኝ። ተጠቃሚዋ ናት አልኩት። አልገባውም። ያን የነገረኝን ከሦስት ቀን በፊት በላክሁት ዜና ላይ ከሌላ ሰው ሰምቼ ጽፌው ነበር፤ ታትሟልም። አላጣራሁትም። ማጣራት ሥራዬ ነበር።

እህቴን ለምን ንፍፊት አልሽ አልኳት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

«ምን ልበል?» አለችኝ። «በወንድ ሸንጎ መሐል ጡቴ አጠገብ ልበል? አንተ እንደሱ ብዬ ብታየኝ ደስ ይልህ ነበር?»

አይለኝም ነበር። 

ሐሙስ ኅዳር 16 አብረን ወደ ገበሬ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ሄድን። ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው አንድ ክፍል ነው። ሊቀመንበሩ፣ ጸሐፊውና ሁለት የኮሚቴ አባላት ነበሩ። እህቴ በራፉ ላይ ቆየች፤ እኔ ገባሁ። ደብዳቤው ላይ የሰፈረው በሽታ ስህተት መሆኑን አስረድቼ እንዲቀየር ጠየቅኩ። ሊቀመንበሩ ጨዋ ሰው ነው። አዳመጠኝ። ከዚያ የይለፍ ወረቀቶቹ ቀሪ ያለበትን ጥራዝ ገልጦ አሳየኝ።

«ጓድ ጋዜጠኛ፣» አለኝ፣ «ለሰኞ ጉዞ በስሟ ይለፍ ወጥቷል። ይኸው ንፍፊት ይላል። በአራተኛው ቀን በዚያው ስም ለሌላ በሽታ ሌላ ይለፍ ባወጣ፣ ነገ ከላይ መጥተው ሁለተኛውን ለማን ሰጠኸው ሲሉኝ አንተ ትቆምልኛለህ?»

ፍርሃቱ የፈጠራ አልነበረም። ለተራራው ሰዎች ይለፍ አቀበለ ተብሎ የታሰረ ሊቀመንበር እንደነበር አውቃለሁ። ይህንንም አልክደውም። እሺ፣ በመጀመሪያው ጀርባ ላይ «ምንነቱ ያልታወቀ እብጠት» ተብሎ ይታረም አልኩ። ያልታወቀ ነገር ላይ ማኅተም አላሳርፍም አለ። ለመታወቅ እኮ ነው የምትሄደው አልኩ። ታውቆ ይምጣ አለ። ሳይታወቅ ካልሄደች እንዴት ይታወቃል አልኩ። ጸሐፊው ሊያስታርቀን ፈልጎ «ከባድ ንፍፊት» ብንለውስ አለ። ከኮሚቴው አንዱ እሱ ይሻላል ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ማንም አልቀለደም። አራት አዋቂ ሰዎች በአንዲት ሴት ሕይወት ላይ ተቀምጠው «ከባድ» የምትል ቃል ይመዝናሉ፤ እኔም በቃል የማድር ሰው አምስተኛ ሆኜ እከራከራለሁ። በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ እሷ ወደቆመችበት ያየ ሰው አልነበረም።

እህቴ ገባች። ማንም ግቢ አላላትም። ሻሿን ከትከሻዋ አውርዳ አግዳሚው ላይ አስቀመጠች።

«ጓድ ሊቀመንበር፣» አለች፣ «ንፍፊት ያልኩት እኔ ነኝ። አፍሬ ነው። ወላሂ እፍረቴን ዛሬ ጨርሻለሁ። አራት ወንድ አላችሁ። እገልጠዋለሁ፤ እዩትና ያያችሁትን ጻፉት።»

ቀኝ ክንዷን አነሳች። የራያ ቀሚስ እጅጌው ሰፊ ነው፤ እስከ ትከሻዋ ተሸበሸበ። በግራ እጇ የደረቷን መያዣ መፍታት ጀመረች። ከኮሚቴ አባላቱ አንዱ አስተግፊሩላህ ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ። ሌላው የጫማውን ጫፍ ያያል። ሊቀመንበሩ ጥራዙ ላይ አቀርቅሯል። ክንዷ እንደተነሳ ቆየ።

«ጻፍ» አለ ሊቀመንበሩ ቀና ሳይል። «በሐኪም ትእዛዝ ወደ ደሴ ሆስፒታል። ይኸው ነው። በሽታ አትጻፍ። ማኅተሙን አምጣው።»

ማኅተሙ እስኪያርፍ ክንዷን አላወረደችም። በዚያ ክፍል ውስጥ ማንም እብጠቱን አላየም። እኔም አላየሁም፤ ጣሪያውን ነበር የማየው።

ቅዳሜ አብረን ተሳፈርን። ኬላው ላይ ሌላ ወታደር ነበር። ወረቀቱን አነበበና ሳይናገር መለሰላት። ሰኞ ኅዳር 20 ደሴ ላይ አንድ ዶክተር ነርስ አስጠርቶ፣ መጋረጃ ስቦ፣ ልየው ወይ ብሎ እህቴን ራሷን አስፈቅዶ አየው። እኔ መጋረጃው ማዶ ሆኜ ሰዓቴን አያለሁ። አራት ደቂቃ ፈጀ። ስድስት ወር የተጠበቀው ነገር አራት ደቂቃ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ቦታውን አደንዝዘው ከእጢው ቆረጡና ለምርመራ ወደ አዲስ አበባ ላኩት። ውጤቱ እስኪመጣ እህቴ ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ እኔም ወደ ሥራዬ። ከመለያየታችን በፊት ነገሯን ሁሉ ደልድላ ነገረችኝ። ትልቋን ልጅ እናታችን ትወስዳለች። ትንሿን እኔ፤ ግን ትምህርት ቤት ካስገባኋት ብቻ። በሬዎቹ ባሏ እስኪመጣ አይሸጡም። እህልና ከብት እንደምታከፋፍል ነው የተናገረችው፣ ድምፅዋ ሳይለወጥ። አልሐምዱሊላህ አለች ስትጨርስ። እኔ አላልኩም።

ታኅሣሥ 26 ቀን ውጤቱን ከላቦራቶሪው በእጄ ተቀበልኩ። የእጢ ቲቢ ነው ይላል። የካንሰር ምልክት አልተገኘም ይላል። ስሟን፣ ዕድሜዋን፣ ናሙናው የመጣበትን ቦታ ከራሴ ማስታወሻ ጋር አመሳከርኩ፤ ልክ ነበር። ለነርሷ ቴሌግራም መታሁ።

መልሷ በደብዳቤ መጣ። መድኃኒቱን ጀምራላታለች። እኔ ጠይቄያት ስለነበር ሌላም ነገር ጨምራለች፤ የቲቢ መድኃኒት ጤና ጣቢያው መደርደሪያ ላይ ከግንቦት በፊት ጀምሮ ነበር። እህቴ ሐምራዊ መድኃኒት ተቀብታ ከተመለሰችበት ክፍል ቀጥሎ ባለው ክፍል ውስጥ። ደብዳቤውን ስጨርስ ተነስቼ የቢሮዬን በር ዘጋሁ። ያደረግኩት ይህን ብቻ ነው። የምደበድበው ሰው ስም አልነበረኝም።

ስለ ጉዳዩ አንድ ጽሑፍ አዘጋጅቼ ለአርታኢዬ ሰጠሁት። ቦታ አልጠቀስኩም፣ ስም አልጠቀስኩም፤ ነርሷ የነገረችንን ብቻ በቀላል ቃል አስፍሬ ነበር። ብብትና ጡት የሚሉት ቃላት ለጋዜጣው አይመጥኑም ተባለ። መድኃኒት እያለ ሳይሰጥ ቀረ የሚለውም ተሰረዘ። የቲቢ መድኃኒት በየጤና ጣቢያው በነፃ እንደሚሰጥ የሚናገር አጭር ዜና ሆኖ ወጣ። ውሸት አልነበረበትም።

እህቴ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ቆቦ ከተማ አንዲት ዘመዳችን ቤት ተቀምጣ በየቀኑ ተወጋች። ከዚያ ክኒን ተሰጥቷት ወደ መንደሯ ተመለሰች፤ በየወሩ እየሄደች ትቀበላለች። በየካቲት የተቆረጠበት ቦታ ተከፍቶ ማዠት ጀመረ። ወጌሻው ሰምተው በብረት ይተኮስ ብለው ላኩባት። አክብራ አመሰግናለሁ በሉልኝ፣ ብረቱን ግን ለአጥንት ያቆዩት ብላ መለሰች። ነርሷ በየጉዞው ታጥብላት ነበር፤ በሚያዝያ ደረቀ። በሰኔ እብጠቱ ባቄላ፣ በነሐሴ ሽንብራ አከለ። ላቡ ቆመ። ጠፋ ብለሽ ክኒኑን እንዳታቆሚ ብላ ነርሷ በየወሩ ትነግራት ነበር። አላቆመችም። ክኒኑ የሚያስታውካት ቀን እንኳ ልጆቿን ፊቷ አስቀምጣ ነበር የምትውጠው።

ጥር 24 ቀን 1976 ዓ.ም. ካርዷ ላይ፣ በነርሷ እጅ፣ እንዲህ ተጽፏል፤ «የቀኝ ብብት ታየ። እብጠት የለም። ሕክምናው ተፈጽሟል።»